በስማችሁ፣ በፒኤልሲ ወይስ በአክሲዮን? ድርጅት ከመክፈታችሁ በፊት የሚመዘኑ ነገሮች

ለትናንሽ ድርጅቶች ሂሳብ መያዝ ከጀመርኩ ወዲህ በስልክ የሚመጣልኝ ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው። "ፈቃዱን በስሜ ላውጣ ወይስ ፒኤልሲ ልክፈት?" ፒኤልሲ የሚሉት ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበርን ነው። ጠያቂው ከመደወሉ በፊት ብዙ ሰው አማክሯል። አንዱ "ፒኤልሲ ከሆንክ ዕዳ አይነካህም" ብሎታል። ሌላው "በግል ስም ግብሩ ቀላል ነው" ብሎታል። ሦስተኛው "ትልልቅ ደንበኞች ከግለሰብ ጋር አይዋዋሉም" ብሎታል። ሁሉም ትንሽ ትንሽ እውነት ይዘዋል። የሚያደናግረውም ይኸው ነው።

እኔ መልስ ከመስጠቴ በፊት መልሼ እጠይቃለሁ። "በየወሩ ሪፖርቱን የሚያስገባልህ ማነው?" ብዙዎቹ ዝም ይላሉ። ስለ መክፈቻው እንጂ ስለዚያ አላሰቡም። መክፈት አሁን ቀሏል፤ የንግድ ምዝገባው በኢንተርኔት ይሠራል። የግብር ሪፖርቱ ግን ወር በገባ ቁጥር አለ። መዝጊያው ደግሞ ከመክፈቻው በጣም ይረዝማል። ስለዚህ ምርጫውን በምትችሉት ሸክም ልክ አድርጉ።

በምን እንመዝን?

አማራጮቹን ከማየታችን በፊት መመዘኛውን እናስቀምጥ። እኔ አምስት ነገር አያለሁ።

አንደኛ፣ ሥራው ቢከስር ዕዳው እስከ የት ይደርሳል? ድርጅቱ ጋ ይቆማል ወይስ ቤትና መኪናችሁ ድረስ ይመጣል?

ሁለተኛ፣ በትርፍ ላይ የሚከፈለው ግብር እንዴት ይሰላል?

ሦስተኛ፣ በየወሩና በየዓመቱ ምን ምን ማስገባት ይጠበቅባችኋል? ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ይህ ነው። ሰው የሚቀጣው ባብዛኛው ስላጭበረበረ አይደለም። ቀኑን ስላሳለፈ ነው።

አራተኛ፣ ባለቤቱ ቢሞት፣ ቢታመም ወይም ከአገር ቢወጣ ሥራው ምን ይሆናል?

አምስተኛ፣ መዝጋት ብትፈልጉ እንዴት ትዘጋላችሁ?

አማራጮቹን የሚወስነው የንግድ ሕጉ ነው፤ አዋጅ ቁጥር 1243/2013። ይህ አዋጅ በ1952 ወጥቶ የነበረውን የንግድ ሕግ ስለ ነጋዴዎችና ስለ ንግድ ማኅበራት የሚናገረውን ክፍል ተክቷል። ሰባት ዓይነት የንግድ ማኅበራትንም ይዘረዝራል። ሁለቱ ከዚያ በፊት በአገራችን ያልነበሩ ናቸው፤ ባለ አንድ አባል ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበርና ኃላፊነቱ የተወሰነ የሽርክና ማኅበር። እዚህ የማነሣው በርግጥ ሰው የሚመርጣቸውን ብቻ ነው።

በግል ስም መነገድ

ሱቅ፣ ካፌ፣ ጋራዥ፣ ልብስ ስፌት፣ አነስተኛ አስመጪ፤ አብዛኛው ሰው የሚጀምረው እዚህ ነው። ፈቃዱ በስማችሁ ይወጣል፣ ቲን ነምበሩም የእናንተው ነው። መመስረቻ ጽሑፍ የለም፣ ቃለ ጉባኤ የለም፣ የሚያስፈርሙት ሸሪክ የለም።

ትልቁ ጥቅሙ ግብሩ ላይ ነው። በግል የሚነግድ ሰው ዓመታዊ ሽያጩ ከ2 ሚሊዮን ብር በታች ከሆነ የደረጃ "ለ" ግብር ከፋይ ይሆናል፤ እንደ ትልልቆቹ የተሟላ የሂሳብ መዝገብ እንዲይዝ አይገደድም። ማኅበር ከሆናችሁ ግን ሽያጫችሁ ምንም ያህል ትንሽ ቢሆን ከመጀመሪያው ቀን የደረጃ "ሀ" ግብር ከፋይ ናችሁ። ይህን ብዙ ሰው የሚያውቀው የመጀመሪያው ዓመት ካለቀ በኋላ ነው። አንድ ጠረጴዛና አንድ ላፕቶፕ ያለው ወጣት በሕግ ፊት ከፋብሪካ ጋር አንድ ደረጃ ላይ ተቀምጦ ያገኘዋል።

ሂሳብ ይዛችሁ በትርፍ ላይ ስትከፍሉ ደግሞ የግለሰብ ግብር በደረጃ እየጨመረ እስከ 35 በመቶ ይሄዳል። የማኅበር ግን ከመጀመሪያው ብር ጀምሮ 30 በመቶ ነው። በቁጥር እንየው። የዓመቱ የተጣራ ትርፍ 100,000 ብር ከሆነ ማኅበር 30,000 ብር ይከፍላል። ግለሰብ የሚከፍለው ከ20,000 ብር በታች ነው። ትርፉ 1 ሚሊዮን ሲሆን ነገሩ ይገለበጣል። ማኅበሩ 300,000 ብር ይከፍላል፣ ግለሰቡ ከ320,000 ብር በላይ። ሆኖም የማኅበሩ ሂሳብ እዚህ አያልቅም። ትርፉን አውጥታችሁ ኪሳችሁ ስታስገቡ በትርፍ ድርሻው ላይ ሌላ ግብር ይቆረጣል። "ፒኤልሲ ግብር ይቀንሳል" የሚለው ወሬ ይህን ሁለተኛ ቆረጣ ይረሳዋል።

ጉዳቱስ? ዕዳው። በግል ስም ስትነግዱ በእናንተና በንግዱ መካከል ግድግዳ የለም። ለአቅራቢ ያልተከፈለ ሂሳብ፣ ያልተመለሰ ብድር፣ ለደንበኛ የሚከፈል ካሳ፣ ሁሉም ያላችሁን ንብረት ተከትሎ ይመጣል። ፈቃዱም የተሰጠው ለሰውየው ነው። ሰውየው ሲያልፍ ቤተሰቡ ከወራሽነት ማስረጃ ጀምሮ ይለፋል። በሐዘን መሃል ሱቁ ተዘግቶ፣ ኪራዩ እየቆጠረ፣ ልጆቹ ወረቀት ይዘው ሲንከራተቱ አይቻለሁ። በጣም ያሳዝናል።

ባለ አንድ አባል ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር

ስሙ ይረዝማል እንጂ ሐሳቡ ቀላል ነው። ብቻችሁን ናችሁ፣ ግን ድርጅቱ ከእናንተ የተለየ ሕጋዊ ሰው ነው። ዝቅተኛው ካፒታል 15,000 ብር ነው። የሚመሠረተው በአንድ ወገን መግለጫ ነው፤ ከራስ ጋር ውል የለምና። መግለጫው ላይ እናንተ ብትሞቱ ወይም በሕግ ችሎታ ብታጡ ሥራውን የሚረከበው ሰው ስም ይገባል።

ይህን ቦታ ለማሟላት ብቻ አትሙሉት። ብዙ ሰው ያኔ ትዝ ያለውን ዘመድ ስም ያስገባል፤ ለሰውየው እንኳ አይነግረውም። ስሙ የገባው ሰው የባንክ ሂሳቡ የት እንደሆነ፣ ሪፖርቱን ማን እንደሚያስገባ፣ ያልተከፈለ ነገር እንዳለ ማወቅ አለበት።

ከ2013 በፊት ይህ አማራጭ አልነበረም። ፒኤልሲ ለመክፈት ቢያንስ ሁለት ሰው ያስፈልግ ነበር። ስለዚህ ሰው ሚስቱን፣ ወንድሙን ወይም የአክስቱን ልጅ "ለስም" ያስገባ ነበር። አንድ የማውቀው ሰው የእህቱን ልጅ በጥቂት ድርሻ አስገብቶ ሠራ። ከዓመታት በኋላ የድርጅቱን አድራሻ ለመቀየርና ካፒታል ለመጨመር ቃለ ጉባኤ አስፈለገ። ልጁ በዚያ ጊዜ ውጭ አገር ሄዷል፣ ስልኩም ተቀይሯል። ከልጁ ፊርማ ለማግኘትና ውክልና ለማስላክ ወራት ፈጀ። እስከዚያ ሊዋዋልበት ያሰበው ሥራ ሌላ ሰው ጋ ሄደ። ዛሬ እንዲህ ያለ የስም አባል ለማስገባት አንዳች ምክንያት የለም። ብቻችሁን ከሆናችሁ ብቻችሁን ክፈቱ።

ስለ ዕዳው ግድግዳ ግን አደራ። ግድግዳው የሚቆመው እናንተ ካከበራችሁት ነው። የድርጅቱን ገንዘብ ከቤት ወጪ ጋር ካደባለቃችሁ፣ የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ ከድርጅቱ ሂሳብ ከወጣ፣ የደንበኛ ክፍያ በግል የባንክ ሂሳባችሁ ከገባ፣ ፍርድ ቤት ግድግዳውን አንሥቶ እናንተን በግል ሊጠይቅ ይችላል። ባንክም ብድር ሲሰጥ ብዙ ጊዜ የባለቤቱን የግል ዋስትና ይጠይቃል። ያን ከፈረማችሁ ለዚያ ብድር ግድግዳው የለም ማለት ነው። በግብር ጥፋትም ሥራ አስኪያጁ በግሉ ይጠየቃል። ለአቅራቢዎችና ለደንበኞች ክርክር ግን ጥበቃው እውነተኛ ነው። ብዙ ዕቃ በዱቤ የሚቀበል ወይም ጉዳት ሊያደርስ የሚችል ሥራ የሚሠራ ሰው ቢገዛው አይቆጨውም።

ፒኤልሲ፣ ሁለት ሰውና ከዚያ በላይ

ከ2 እስከ 50 አባላት፣ ዝቅተኛ ካፒታል 15,000 ብር። የግብሩና የሪፖርቱ ነገር ከባለ አንድ አባሉ ጋር አንድ ነው። የሚለየው ሰዎቹ ናቸው።

ሲጀመር ሁሉም ወንድማማች ነው። መመስረቻ ጽሑፉ ከሌላ ድርጅት ይቀዳል፣ ስሙ ይቀየራል፣ ውልና ማስረጃ ሄዶ ይፈረማል። ማንም አያነበውም። ጠቡ የሚመጣው ትርፍ ሲገኝ ነው። አንዱ በሙሉ ቀን ይሠራል፣ ሌላው ገንዘብ ብቻ አዋጥቷል። ለሚሠራው ደመወዝ ይከፈለው? ትርፉ ይከፋፈል ወይስ ሥራው ውስጥ ይቆይ? አንዱ ልውጣ ቢል ድርሻው በምን ዋጋ ይገመታል? እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ገና ፍቅር እያለ ጽፋችሁ አስቀምጡ። የሕግ ባለሙያ የምትከፍሉበት ትክክለኛው ቦታም ይኼ ነው።

ሌላው ቃለ ጉባኤ ነው። ሥራ አስኪያጅ ሲቀየር፣ አድራሻ ሲለወጥ፣ ካፒታል ሲጨምር፣ የባንክ ፈራሚ ሲተካ ቃለ ጉባኤ ይጠየቃል። አባላቱ አንድ ከተማ ከሌሉ ለእያንዳንዱ ውክልና ያስፈልጋል።

ሽርክናና አክሲዮን፣ ባጭሩ

የኅብረት ሽርክና ማኅበር ውስጥ ሸሪኮቹ ለማኅበሩ ዕዳ በአንድነትና በነጠላ ይጠየቃሉ። ሸሪካችሁ የገባው ዕዳ ከእናንተ ቤት ሊጠየቅ ይችላል ማለት ነው። ግብሩ እንደ ማኅበር 30 በመቶ፣ ኃላፊነቱ እንደ ግለሰብ ያልተገደበ። የሁለቱም ክፉ ጎን ነውና ለነጋዴ አልመክረውም።

ኃላፊነቱ የተወሰነ የሽርክና ማኅበር ግን ለባለሙያዎች የታሰበ ነው። ጠበቆች በአዋጅ ቁጥር 1249/2013 የጥብቅና ድርጅት የሚያቋቁሙት በዚህ መልክ ነው።

አክሲዮን ማኅበር ቢያንስ 5 መሥራች፣ ቢያንስ 50,000 ብር ካፒታል ይጠይቃል። የዳይሬክተሮች ቦርድ፣ ጠቅላላ ጉባኤና የውጭ ኦዲተር አለው። ባንክና ኢንሹራንስ የግድ አክሲዮን ማኅበር መሆን አለባቸው። ለሕዝብ አክሲዮን መሸጥ ከፈለጋችሁ የኢትዮጵያ ካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ጋ መሄድ ግድ ነው። ከአምስት ጓደኛ ጋር ምግብ ቤት ለመክፈት ግን አክሲዮን አያስፈልግም። ለማዕረግ ብለው ከፍተው በቦርድ ስብሰባ የደከሙ አሉ።

ማነጻጸሪያ

| መልኩ | መሥራች | ዝቅተኛ ካፒታል | ለዕዳ የሚጠየቀው | የትርፍ ግብር | የሪፖርት ሸክም |
|---|---|---|---|---|---|
| በግል ስም | 1 | በንግድ ሕጉ የለም | ባለቤቱ በሙሉ ንብረቱ | በደረጃ እስከ 35 በመቶ | ሽያጩ ከ2 ሚሊዮን ብር በታች ሲሆን ቀላል |
| ባለ አንድ አባል | 1 | 15,000 ብር | ድርጅቱ፣ ገንዘብ ካልተደባለቀ | 30 በመቶ፣ ትርፍ ሲወጣ ተጨማሪ | ከባድ |
| ፒኤልሲ | ከ2 እስከ 50 | 15,000 ብር | ድርጅቱ | 30 በመቶ፣ ትርፍ ሲወጣ ተጨማሪ | ከባድ፣ ቃለ ጉባኤ ይጨመራል |
| የኅብረት ሽርክና | ቢያንስ 2 | የለም | ሸሪኮቹ በሙሉ ንብረታቸው | 30 በመቶ | ከባድ |
| አክሲዮን | ቢያንስ 5 | 50,000 ብር | ድርጅቱ | 30 በመቶ፣ ትርፍ ሲወጣ ተጨማሪ | በጣም ከባድ |

"ከባድ" ስል ምን ማለቴ ነው?

ሠራተኛ ከቀጠራችሁ በየወሩ ከደመወዙ የሥራ ግብር ቆርጣችሁ ታስገባላችሁ። ከ2,000 ብር በላይ ባለው የወር ደመወዝ ላይ ግብሩ ይጀምራል። ጡረታም አለ፤ አሠሪው 11 በመቶ፣ ሠራተኛው 7 በመቶ። የ10,000 ብር ደመወዝ እናንተን 11,100 ብር ያስወጣል። ዋጋ ስትተምኑ ይህን አትርሱት። ይህ በግል ስም ለሚነግድ አሠሪም ያው ነው፤ የአሠሪና ሠራተኛ ሕጉም እንዲሁ።

ቫት ተመዝጋቢ ከሆናችሁ 15 በመቶ ትሰበስባላችሁ፣ በየወሩም ታሳውቃላችሁ። ያ ገንዘብ የእናንተ አይደለም። የቫቱን ብር ለኪራይ ተጠቅሞ በወሩ መጨረሻ የሚበደር ነጋዴ ብዙ ነው። እኔ ለደንበኞቼ ሌላ የባንክ ሂሳብ አስከፍታቸዋለሁ፤ ቫቱ በየሳምንቱ እዚያ ይገባል።

ማኅበር ደግሞ ቆራጭም ነው። ከተወሰነ መጠን በላይ ዕቃ ወይም አገልግሎት ሲገዛ ከሚከፍለው ላይ ዊዝሆልዲንግ፣ ማለትም የሻጩን ግብር በቅድሚያ፣ ቀንሶ ለገቢዎች ማስገባት አለበት። ሳይቆርጥ ከከፈለ ዕዳው ወደ እሱ ይዞራል።

በዓመት ደግሞ የትርፍ ግብር አለ። የበጀት ዓመታቸው ሰኔ 30 ለሚያበቃ የደረጃ "ሀ" ግብር ከፋዮች የማሳወቂያው ጊዜ ከሐምሌ 1 እስከ ጥቅምት 30 ነው። በ2017 በተሻሻለው የገቢ ግብር ሕግ ደግሞ ዝቅተኛ ግብር የሚባል ገብቷል። ሕጉ ነፃ ካደረጋቸው በቀር፣ የደረጃ "ሀ" ግብር ከፋይ ትርፉ ቢያንስም ከዓመታዊ ሽያጩ ቢያንስ 2.5 በመቶ ይከፍላል። ሽያጫቸው ብዙ፣ ትርፋቸው ቀጭን የሆኑ አከፋፋዮች ይህን ቁጥር ከመክፈታቸው በፊት ያስሉት።

ከዚያ ፈቃድ ማደስ ይመጣል። ያለቅጣት የሚታደሰው ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ነው። ለማደስ የግብር ክሊራንስ፣ ማለትም የግብር ዕዳ እንደሌለባችሁ የሚያሳይ ወረቀት፣ ይጠየቃል። ያልገባ ሪፖርት ካለ የሚወጣው ያኔ ነው።

ሥራ ባይኖርም ሪፖርቱ አይቀርም። ይህን በደማቁ ጻፉት። "ምንም አልሸጥኩም፣ ምን አሳውቃለሁ?" ብሎ የተኛ ሰው ከዓመት በኋላ የእያንዳንዱ ወር ቅጣት ተደምሮ ይጠብቀዋል። ዘግይቶ ለሚገባ የግብር ማስታወቂያ ቅጣቱ ካልተከፈለው ግብር በየወሩ 5 በመቶ እየጨመረ እስከ 25 በመቶ ይሄዳል። ወለዱ ለብቻው ነው። የሚከፈል ግብር ባይኖርም አለማሳወቁ ራሱ ያስቀጣል።

መዝጋት? በሩን ቆልፎ መሄድ መዝጋት አይደለም። ፒኤልሲ ሲፈርስ አጣሪ ይሾማል፣ ባለ ዕዳና ባለ ገንዘብ ይለያል፣ ግብር ቢሮ ሂሳቡን ይመረምራል፣ ቫቱ ይሰረዛል፣ ከዚያ ፈቃዱ ይመለሳል። መዝገባችሁ የተሟላ ካልሆነ እዚህ ላይ ትሰቃያላችሁ።

ለማን የቱ?

ገና እየሞከራችሁ ከሆነ፣ ገንዘቡም ጥቂት ከሆነ፣ በዱቤ ብዙ ዕቃ የማትወስዱ ከሆነ፣ በግል ስም ጀምሩ። ሥራው ሲያድግ ወደ ማኅበር መሸጋገር ይቻላል። ከፒኤልሲ ወደ ኋላ መመለስ ግን መዝጊያውን ማለፍ ነው።

ብቻችሁን ሆናችሁ ከድርጅቶች ጋር ትልልቅ ውል የምትዋዋሉ ከሆነ፣ ወይም ሥራችሁ እንደ ግንባታና ትራንስፖርት አደጋ ያለበት ከሆነ፣ ባለ አንድ አባሉን ውሰዱ። ቅድመ ሁኔታዬ አንድ ነው። የሂሳብ ሠራተኛ ወርሃዊ ክፍያን ከኪራይ እኩል ቋሚ ወጪ አድርጋችሁ ያዙ። ሦስት ቦታ ጠይቃችሁ ያን ክፍያ በ12 አባዙ። ሥራው ያን መሸፈን ካልቻለ ማኅበር የምትከፍቱበት ጊዜ ገና ነው።

እውነተኛ ሸሪክ ካላችሁ፣ ገንዘብ ወይም ጉልበት የሚያዋጣ፣ ፒኤልሲ ነው። ባልና ሚስት አብረው ሲከፍቱ ግን አንድ ነገር ልበል። አንዳቸው ስለ ድርጅቱ ምንም ሳያውቁ ፊርማ ብቻ የሚያኖሩ ከሆነ ለዚያኛው ወገን ፍትሐዊ አይደለም። ሁለቱም ሪፖርቱን ያንብቡ።

ውጭ አገር ለምትኖሩ፣ ዋሽንግተንም ሁኑ ዱባይ፣ ተጨማሪ ሥራ አለባችሁ። ትውልደ ኢትዮጵያዊ የውጭ ዜጎች በአገር ውስጥ ባለሀብትነት መመዝገብ ስለሚችሉ በሩ ክፍት ነው። ነገር ግን ሥራ አስኪያጁ አገር ውስጥ ያለ፣ ደመወዝ የሚከፈለው፣ ወርሃዊ ሪፖርቱን ፎቶ አንሥቶ የሚልክላችሁ ሰው ይሁን። "ወንድሜ አለ፣ ይከታተለዋል" አይበቃም፤ ወንድምም የራሱ ሥራ አለው። ውክልና ስትልኩ ግብር ማሳወቅን፣ የባንክ ሂሳብ ማንቀሳቀስን፣ ፈቃድ ማደስንና ቃለ ጉባኤ መፈረምን አንድ በአንድ አስጽፉ። አንዱ ከጎደለ ወኪላችሁ ሰልፍ ይዞ መስኮቱ ጋ ከደረሰ በኋላ ይመለሳል፤ እናንተም እንደገና ኤምባሲ ቀጠሮ ትይዛላችሁ።